ጠርዙ ላይ ያለው ቀለም

256 ባይት ማለት በአማርኛ 85 ፊደል ነው። ስልካችሁ ላይ የምትጽፉት እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ 85 በሦስት ሲባዛ 255 ይመጣል፣ በተረፈችው አንድ ባይት ክፍት ቦታ ታስገባላችሁ። ለጓደኛችሁ «ትንሽ አረፍዳለሁ፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ቡና እዘዝልኝ» ብላችሁ ስትልኩ ሲሶው አለቀ።

ሊነስ ኦኬሶን የሚባል ስዊድናዊ በዚህችው ቦታ ውስጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚቆይ ሙዚቃ፣ ከሙዚቃው ጋር የሚሄድ ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ሁለቱንም የሚያስኬደውን ፕሮግራም ጭምር አስገባ። ማሽኑ ኮሞዶር 64 ነው፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣ የቤት ኮምፒውተር። የሥራው ስም «ኤ ማይንድ ኢዝ ቦርን» ነው፤ «አእምሮ ተወለደ» በሉት። በ2017 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ሳርብሩከን ከተማ ውስጥ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን በሚደረገው ሪቪዥን የሚባል ዝግጅት ላይ ቀረበ። የተወዳደረበት ዘርፍ እስከ 4096 ባይት ይፈቅድ ነበር። እሱ አሥራ ስድስተኛውን ብቻ ተጠቅሞ አንደኛ ወጣ። ያ ቅዳሜና እሁድ ለኛም ፋሲካ ነበር፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.። ይህን ቀን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

እንዲህ ያለ ሥራ «ዴሞ» ይባላል። ጨዋታ አይደለም፣ የሚሸጥ ነገርም አይደለም። አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ማሽኑን ምን ድረስ መግፋት እንደሚቻል ለማሳየት ብቻ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። ነገሩ የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ነው። ታዳጊዎች የጨዋታ ኮፒ መከላከያ ይሰብሩና መግቢያው ላይ ስማቸውን በሚንሸራተት ጽሑፍና በሙዚቃ ያሳዩ ነበር። ቀስ በቀስ ጨዋታው ተረስቶ መግቢያው ብቻ ቀረ። ፊንላንድ በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን ባህል በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገቧ ውስጥ አስገብታዋለች። እኛ በዩኔስኮ ያስመዘገብነውን መስቀልና ጥምቀት አስቡና፣ የነሱ ደግሞ የኮምፒውተር ልጆች ሆኑ።

ቪዲዮውን ያሳየኋቸው የሥራ ጓደኞቼ ሁለት ነገር ነው የሚሉት። አንደኛው «በ256 ባይት? አይሆንም!» ነው። ሁለተኛው «ይሄማ ቅኔ ነው» ይሆናል። ሁለቱም ላይ ቅሬታ አለኝ።

ማነሱን ብቻ ማድነቅ የሰርከስ ተመልካች ያደርገናል። ሰውዬው በገመድ ላይ ሄደ፣ አልወደቀም፣ አጨበጨብን፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር የባይቱን ቁጥር ሳታውቁ ብትሰሙት ሙዚቃው ልብ አይነጥቅም። ከስር አንድ ድምፅ ይጎተታል፣ ምት ይመታል፣ ከላይ ዜማ የሚመስል ነገር ይዞራል፤ ምሽት ላይ ስልክ ስትነካኩ ቢመጣባችሁ ታልፉታላችሁ። ስሙም ትንሽ በዝቶበታል። እዚህ ውስጥ የተወለደ አእምሮ የለም፣ በደንብ የተሠራ ቆጣሪ ነው ያለው።

ቅኔ የሚለው ደግሞ በጨዋነት የተሳሳተ ይመስለኛል። ቅኔ ወርቁን ይደብቃል፣ ሰሚው ቆፍሮ ያወጣል፤ ባለቅኔው ራሱ ቆሞ «ወርቁ ይሄ ነው» ብሎ ሲፈታው ግማሽ ጣዕሙ ይሄዳል። ኦኬሶን ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ከዴሞው ጋር ረዥም ማብራሪያ አወጣ፦ የትኛው ባይት የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ባይት ሁለት ሥራ እንደሚሠራ፣ ዜማው ከየት እንደሚመጣ። ማብራሪያውን አንብቤ ዴሞውን ሁለተኛ ጊዜ ስሰማው ያ ያለፍኩት ዜማ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሥራው በመፈታቱ አላነሰም፣ ጨመረ። ለኔ ሥራው 256ቱ ባይት ብቻ አይደለም፣ 256ቱ ባይት ከነካርታቸው ነው።

ዜማው ከየት ይመጣል? አልተጻፈም። ኖታ በኖታ ቢጻፍ ቦታው አይበቃም። አንድ ቁጥር ትይዛላችሁ፤ ቢቶቹን አንድ ደረጃ ወደ ጎን ትገፋላችሁ፤ ተገፍቶ የወደቀው ቢት 1 ከሆነ የተወሰኑ ሌሎች ቢቶችን ታገላብጣላችሁ፣ 0 ከሆነ ትተዋላችሁ። ይህን ስትደጋግሙ ቁጥሩ ዝብርቅርቅ እያለ ይሄዳል፣ ግን ዝብርቅርቁ ቋሚ ነው። ለምሳሌ ስምንት ቢት ይዛችሁ የሚገለበጡትን በትክክል ከመረጣችሁ 255 እርምጃ ሳይደግም ሄዶ መነሻው ላይ ይመለሳል። ሁሌ ያው መነሻ፣ ሁሌ ያው መንገድ። ደራሲው ዜማውን አላቀናበረም፣ ጥሩ ዜማ የሚያልፍበትን መነሻ ቁጥር ፈልጎ መረጠ እንጂ።

(እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ይዘዋል፤ እኔ ደግሞ ያደግኩት ሐይቅ ነው፣ አምባሰል አፍንጫችን ስር ነው። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው። የኮሞዶር 64 የድምፅ ቺፕ ለአንድ ድምፅ ሁለት ባይት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አምባሰል አሥር ባይት ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ላፕቶፔ ላይ ኮሞዶርን አስመስሎ በሚያስኬድ ፕሮግራም ሞከርኩት፣ ያንኑ ቆጣሪ አምስቱ ድምፆች ላይ ለቅቄ። አምስቱም ድምፅ አለ፣ አንዱም አልጎደለም፣ አምባሰል ግን አይደለም። የማሲንቆው መንሸራተት፣ ዘፋኟ አንዱ ድምፅ ላይ ስትቆይ የምታደርገው፣ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚታረፍ፣ እነዚህ አሥሩ ባይት ውስጥ የሉም። «ቅኝት ማለት ስኬል ነው» ለሚሉ ሰዎች ይህቺን ፕሮግራም መላክ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እነዚህ ሰዎች ስህተታቸውን በምን ነበር የሚያዩት?

ባግ ፍለጋ፣ እኛ ቢሮ «በግ ፍለጋ» የምንለው፣ ዛሬ ለኔ ቀላል ነው። ፕሮግራሙን መሃል ላይ አቆመዋለሁ፣ የእያንዳንዱን ተለዋዋጭ ዋጋ አያለሁ፣ መስመር በመስመር እራመዳለሁ። ኮሞዶር 64 ላይ ግን ያላችሁ 64 ኪሎባይት ሚሞሪና በሰከንድ ወደ አንድ ሚሊዮን ምት የሚመታ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። ስህተት ፈላጊው ፕሮግራም ራሱ ሚሞሪ ይበላል፣ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ዴሞ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። በአውሮፓው የቴሌቪዥን ሥርዓት ስክሪኑ በሰከንድ 50 ጊዜ ገደማ ይሳላል፣ አንዱ ሥዕል 312 መስመር አለው፣ አንዱ መስመር 63 ምት ይወስዳል። ሲባዛ 19,656 ምት። ሙዚቃውም፣ ምስሉም፣ የሚንሸራተተው ጽሑፍም እዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት። ካላለቀ ምስሉ ይንቀጠቀጣል ወይም ይሰነጠቃል። ፕሮግራሙን መሃል ላይ ብታቆሙት የምትለኩት ጊዜ ራሱ ይጠፋል።

መፍትሔው የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። ኮሞዶር 64 ስክሪኑ ዙሪያ ጠርዝ አለው፣ የጠርዙ ቀለም ደግሞ በአንድ የሚሞሪ አድራሻ ይታዘዛል፤ አድራሻው 53280 ነው። ያንን ማሽን የነካ ሰው ይህን ቁጥር ከስልክ ቁጥሩ እኩል ያውቀዋል። እና ምን አደረጉ? የሙዚቃው ክፍል ሥራ ሲጀምር 53280 ላይ አንድ ይጨምራሉ፤ ሲጨርስ አንድ ይቀንሳሉ። በቃ ይኸው ነው። የቴሌቪዥኑ ጨረር ከላይ ወደ ታች ስክሪኑን እየሳለ ሲወርድ፣ ሙዚቃው የሚሠራበት ጊዜ ጠርዙ ላይ የቀለም ሰንበር ሆኖ ይታያል። ሰንበሩ 20 መስመር ከሆነ ሙዚቃው ወደ 1,260 ምት ወስዷል። ኮዱን አሳጠራችሁ? ሰንበሩ ያጥራል። አንድ ኖታ ላይ ብቻ ብልጭ ብሎ ይረዝማል? እንግዲያው ችግሩ እዚያ ኖታ ላይ ነው። ሰንበሩ ታች ደርሶ ከላይ ብቅ ካለ አለቀላችሁ፣ ጊዜው አልበቃም።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ከኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፣ እና ትንሽ ተናደድኩ። አራት አምስት ዓመት ስለ ጊዜ ውስብስብነት ስንማር፣ ቀመሩን ስንጽፍ፣ አንድም ቀን ጊዜን በዓይናችን አላየነውም። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ኖርዌይ ወይ ሃንጋሪ ውስጥ መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የፕሮግራሙን ወጪ በጣቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይለካ ነበር።

ነገሩ የሚጥመኝ በሌላ ምክንያትም ነው። መለኪያው ጌጥ ሆነ። ዴሞ ካያችሁ ስክሪኑን አግድም የሚያቋርጡ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋኙ ባለቀለም ዘንጎች አይታችኋል። ዘዴያቸው ያው ነው፤ ጨረሩ የት እንደደረሰ አውቆ፣ በዚያች ቅጽበት ቀለም መቀየር። ለስህተት መፈለጊያ የሚያገለግለውና ለዓይን የሚቀርበው አንድ ትእዛዝ፣ አንድ አድራሻ ነው። አንዳንድ ዴሞዎች መሃል የመለኪያ ሰንበሩ ሳይጠፋ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ረስተውት ይሁን ኮርተውበት፣ እኔ ኮርተውበት ነው ባይ ነኝ፦ «ይኸው፣ ይሄን ሁሉ ሠርቼ ይሄን ያህል ጊዜ ተርፎኛል።»

ሌሎች መሣሪያዎችም ነበሩ፣ ቶሎ ቶሎ ልለፍባቸው። ከኋላ የሚሰካ ካርትሪጅ ነበር፣ እንደ አክሽን ሪፕሌይና ፋይናል ካርትሪጅ ያሉት። ቁልፉን ስትጫኑ ማሽኑን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ሚሞሪውን ገልጣችሁ ታነባላችሁ። በብዛት ጨዋታ ለመቅዳት ነበር የሚገዛው፤ የሰው ሥራ ገልጦ ለማንበብ የዋለውም ቀላል አይደለም። ዛሬ ደግሞ 65,536ቱን ባይት 256 በ256 የሆነ ሥዕል አድርጎ የሚያሳይ ዲባገር አለ፤ ፕሮግራሙ ያነበበው ባይት በአንድ ቀለም፣ የጻፈው በሌላ ቀለም ብልጭ ይላል። ማሽኑ ሙሉ ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይተነፍሳል። የዛሬ ስልካችሁን ሚሞሪ እንዲህ ልሳል ብትሉ የሚበቃ ግድግዳ አታገኙም።

ፊንላንዶቹ ፊውቸር ክሩ በ1993 እ.ኤ.አ. አሴምብሊ ላይ ያሸነፉበት «ሰከንድ ሪያሊቲ» ለዶስ ኮምፒውተር ተሠርቶ፣ ለዓመታት እንደ ተአምር ሲወራለት ኖረ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ኮዱን በሙሉ ለቀቁት። ሲከፈት እያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻው የቆመ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ፤ መሃላቸው ሚሞሪ ውስጥ ተቀምጦ ጊዜ የሚጠብቅላቸው ትንሽ አገልጋይ ፕሮግራም አለ። እሷን አስነስቶ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ትዕይንት ለብቻው ማስኬድና ማስተካከል ይችል ነበር። ተአምሩ የሥራ ክፍፍል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። አልቀነሰብኝም። እንዲያውም ያኔ ነው ያመንኩት።

እና ሚያዝያ 8 ቀን 2009። የዚያ ዓመት ፋሲካ ቀን እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ? ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሩ፣ 7509። ለ19 አካፍሉ፣ ቀሪው 4። አንድ ቀንሱ፣ 3፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዙ፣ ከ30 በላይ ከሆነ 30 እየገደፋችሁ ቀሪውን ያዙ፤ 33 ነበር፣ 3 ቀረ፤ ይህ አበቅቴ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 አባዙ፣ 57፣ 30 ሲገደፍ 27፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 በላይ ሲሆን በመስከረም ይውላል። መስከረም 27 ቀን 2009 ዓርብ ነበር፣ የዓርብ ተውሳክ 2 ነው፣ 29። ነነዌ ጥር 29 ዋለች። ከዚያ 69 ቀን ቁጠሩ፣ ሚያዝያ 8። ቀኑን የሚያወጣው አንድ ቁጥር ነው፣ እሱም በየ19 ዓመቱ መነሻው ላይ ይመለሳል። ከኦኬሶን ቆጣሪ ጋር አንድ ነው አልልም፣ ያኛው ዝብርቅርቅ ለመምሰል ይዞራል፣ ይሄኛው ከጨረቃ ጋር ለመግጠም። ግን ሁለቱም ሙሉ ዝርዝሩን ከመያዝ መነሻውንና እርምጃውን መያዝ ይሻላል ብለው የተነሱ ናቸው።

ወደ ስህተቱ ልመለስ። ሐይቅ ለበዓል ሄጄ ሳለ ጎረቤታችን ያሉ የኔታ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው አንጓ ሲቆጥሩ አየኋቸውና የባለሙያ ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ መሃል ላይ ቢሳሳቱ በምን ያውቁታል?»

«አበቅቴውንና መጥቅዑን ትደምረዋለህ ልጄ። ሠላሳ ካልሆነ ትመለሳለህ።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ማንኛውም ወንበር በሁለቱ ተባዝቶ 30 ሲገደፍ የሁለቱ ድምር 30 ላይ ያርፋል። 3 እና 27 ሠላሳ። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን እንኳ አበቅቴ አልቦ፣ መጥቅዕ 30። መፈተሻው ከስሌቱ ውጭ የተቀመጠ አይደለም፣ ስሌቱ ራሱ ውስጥ ነው። ባሕረ ሐሳብን «ጥንታዊ ጥበብ» ብለን ስናሞካሽ ይህችን ነገር ስንጠቅስ አልሰማሁም። ለኔ ከ53280 ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው፦ የሠራው ሰው ለሚሳሳተው ሰው አስቦለታል።

የኛ አገር ሰዎችስ በዚያው ዘመን ማሽን ላይ ምን ሠሩ? ዴሞ አይደለም የሠሩት፣ የገጠማቸው ግን የዴሞ ሠሪ ችግር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ የነበሩት ዶ/ር አበራ ሞላ በ«ሞዴት»፣ አቶ ፍሥሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ፣ ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ሲታገሉ ማሽኑ ለአንድ ፊደል የሚሰጠው አንድ ባይት ነበር። አንድ ባይት 256 ቦታ ነው፣ ግማሹ ቀድሞ በላቲን ፊደልና በምልክት ተይዟል። የቀረው 128 ነው። ፊደላችን 33 በ7፣ 231፤ እነ ሏና ሟ፣ ቁጥሮቹ፣ አራት ነጥቡ ሳይቆጠሩ። አይገባም። 231 እንግዳ ለ128 ወንበር ጠርታችሁ እንደማለት ነው።

መውጫ መንገዶቹ እያንዳንዳቸው ዋጋ ነበራቸው። ፊደሉን ሁለት ፎንት ላይ መክፈል ይቻላል፤ መሃል ላይ ፎንት መቀያየር ይመጣል። ግንዱን ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አድርጎ መገጣጠም ይቻላል፤ «ሁ» ሁለት ባይት ትሆናለች፣ አንዱ ከጠፋ ፊደሏ ሌላ ፊደል ናት። የዶስ የጽሑፍ ስክሪን ደግሞ 80 በ25 ሆኖ 2,000 ቤት አለው፣ አንዱ ቤት ሁለት ባይት ነው፣ አንዱ ባይት ፊደሉን ሌላው ቀለሙን ይይዛል። ቪጂኤ ካርድ ላይ የራሳችሁን ቅርጾች መጫን ትችላላችሁ፣ ስምንት ነጥብ ወርድ በአሥራ ስድስት ነጥብ ቁመት። ጠን በስምንት ነጥብ ሳሏት እስቲ፤ ሦስት እግር፣ በመሃል ሁለት ክፍተት፣ ከዚያ ጣ ከጠ እንዲለይ አንዱን ማስረዘም። 256 ቅርጽ ካልበቃችሁ ካርዱ 512 ይሰጣችኋል፣ ግን በነጻ አይደለም፤ ከቀለም ባይቱ አንድ ቢት ይወስዳል፣ የፊደል ቀለማችሁ ከ16 ወደ 8 ይወርዳል። ስምንት ቀለም ሰጥቶ 256 ፊደል መግዛት! ይህን የመሰለ ግብይት ዴሞ ሠሪ ቢያደርገው መድረክ ላይ ይጨበጨብለታል። ስህተቱን ለማየትም መሣሪያው እዚያው ነበር፤ «ዲበግ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ከዶስ ጋር አብራ ትመጣለች፣ ሚሞሪውን ባይት በባይት ትገልጣለች።

ስለነዚህ ሰዎች ግን የምንነጋገረው ምንድን ነው? ማን ቀደመ። የአማርኛ ፊደልን ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ያስገባው እገሌ ነው፣ የለም እገሌ ነው። ክርክሩ በየጊዜው ይነሳል፣ ጎራ ይለያል፣ ይሰዳደባል፣ ይተኛል። ሥራው እንዴት እንደተሠራ፣ የትኛው ፊደል የትኛው ቦታ ለምን እንደተቀመጠ፣ ምን እንደተከፈለበት የሚጠይቅ የለም። ሰውዬውን እናወድሳለን፣ ሥራውን አናነብም። ሂስ የሚጎድለን እዚህ ነው፤ ለልብወለድ ሂስ አለን፣ ለሥዕልም ትንሽ አለን፣ ለኮድ ግን ያለን ሽልማትና ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ለየት ያለው «ሰራ» ይመስለኛል፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት። መልኩ አያምርም፣ አማርኛን በላቲን ማንበብ ዓይን ያደክማል። ሕጉ ግን በግልጽ ተጽፎ ተሰራጭቷል፤ በሰራ የተጻፈን ጽሑፍ ዛሬ ማንም ጀማሪ በግማሽ ቀን ወደ ፊደል ይመልሰዋል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ግዕዝ ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ቋሚ ቁጥር አለው፣ ካርታውም የሁሉም ነው።

በመሃል ያለው ዘመን ነው ያስቸገረን። ባለፈው ዓመት ሐይቅ ላይ የቤተሰባችን እድር ጸሐፊ አንድ ሲዲ ሰጡኝ። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በኛ አቆጣጠር፣ የተተየበ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብና የመሥራች አባላት ዝርዝር ነው። ፋይሉ ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ የገንዘብ ምልክትና ቅንፍ ድብልቅ ነው። የተጻፈበት ፎንት አብሮ የለም። ያኔ የላቲን ኤ በነበረችበት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ይሳልና ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ ሲጠፋ የአማርኛው መልክ አብሮት ይሄዳል። ከከተማዋ ትንሽ እልፍ ብሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የተጻፈው በ1280/81 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ያነበዋል። የእድራችን ደንብ ሃያ ዓመት ቆይቶ አልተነበበም።

ጉዳዩ ናፍቆት አይደለም። የመሥራች አባል ቤተሰብ አባልነቱን ይወርሳል፣ የታተመው ቅጂ ደግሞ ውሃ ገብቶበት የስም ዝርዝሩ ገጾች ተበላሽተዋል። ስሙ ከሌለ ልጁ እንደ አዲስ ገቢ መግቢያ ይከፍላል፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑም በአዲስ ገቢ ደንብ ነው።

ያተረፈን የመጀመሪያው የታተመ ገጽ ነው፣ እሱ ደህና ነበር። ወረቀቱ ላይ «የመረዳጃ እድር» የሚለው ሐረግ አለ፣ ፋይሉ ላይ በዚያው ቦታ ያሉት ባይቶች ተጓዳኞቹ ናቸው። ከዚያ ቀጥታ ሄድን። «እድር» የሚለው ቃል ብቻ በየአንቀጹ ስላለ ሦስት ፊደል በነጻ ሰጠን። የቀረውን ከ53280 ነው የተዋስኩት፦ ስህተቱን ከመደበቅ ቀለም መቀባት። ፕሮግራሙ በእርግጠኝነት ያወቀውን በጥቁር፣ የገመተውን በቢጫ፣ ያላወቀውን በቀይ ያትማል፣ ከቀዩም ስር የባይቱን ቁጥር ያስቀምጣል። ጸሐፊው መነጽራቸውን አድርገው፣ እስክሪብቶ ይዘው ሲያነቡ የኔን ዲባገር የሚያስንቅ ነገር ሆነ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያውቃሉ፤ አንድ ፊደል ቀይ ሆኖ ቢያገኙት «ይሄማ የእገሌ አባት ነው፣ ጣ ነው» ይላሉ፣ እኔ አንዱን ባይት ጣ ብዬ ስመዘግብ ሌላ አሥራ ሁለት ቦታ ላይ ያለው ቀይ አብሮ ይጠቁራል። ሰንበሩ እያጠረ ሄደ።

የፊደሉን ካርታ በሙሉ፣ ከነቢጫው፣ አትሜ ከደንቡ ኋላ አስጠርዤዋለሁ። ጸሐፊው «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አሉኝ። «እኔ ባልኖር ሌላ ሰው እንዲያስተካክለው ነው» አልኳቸው። «እሱስ ልክ ነህ» ብለው መዝገቡ ውስጥ ከተቱት።

አሁን ሁለት ስም ላይ ቀይ ቀርቷል። በአንደኛው ሁለት ቤተሰብ ይከራከርበታል፣ የጎደለችው አንድ ፊደል ናት። ሁለተኛዋ ሟች ናቸው፤ ልጃቸው ደሴ ነው ያለችው፣ ጸሐፊው ደውለው ሊጠይቁልኝ ነው።